እሷን አስቀድምልኝ

አባዬ እግዚአብሔርን ሲለምን ድምፁን ዝቅ አያደርግም ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ይቆማል። ሰው ሰማ አልሰማ ግድ የለውም። ልመናው ደግሞ አንድ ነው። «ጌታዬ፣ እሷን አስቀድምልኝ። እኔን ከኋላዋ።»

እሷ ያላት እናቴን ነው።

የሰማው ሁሉ ደነገጠ። የሚዋደዱ ባልና ሚስት «ሞትሽን አያሳየኝ» ነው የሚባባሉት። ሚስቴን አስቀድምልኝ ብሎ የሚማጠን ሰው በኛ አገር አልታየም። አንዳንዱ «ሽማግሌው ጃጁ» አለ። አንዷ ጎረቤት «በጸሎት ሊገድሉሽ ነው» ብላ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ስቃ አባረረቻት። ማታ እራት ላይ ግን አነሳችው።

«አንቱ፣ እኔን ሸኝተው ልጃገረድ ሊያገቡ ነው አሉ።»

«የቷ እብድ ትመጣልኛለች?» አለና አጎረሳት።

እኛ የመንዝ ሰዎች ነን፤ ከሞላሌ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው ያደግነው። ደጋ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ሰውም፣ እሳቱም፣ ጥጃውም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ጭሱና ዝንቡ አለ፣ ውኃው ሩቅ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የዓይን ማዝ የሚሉት በሽታ አይጠፋም። ሐኪሞቹ ትራኮማ ይሉታል። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንዴ ይዞ ቢለቅ ባልከፋ። ተመላልሶ ሲይዝ ነው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ጠባሳ የሚያበጀው። ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። ከልጅ ጋር የምትውለው እናት ስለሆነች ሴቶቹ ላይ ይበረታል። እናቴ ስምንት ልጅ አሳድጋለች።

አባዬ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ያስቀምጣታል። ራሷን ጉልበቱ ላይ ያስደግፋል። ከገበያ የገዛት መነጽር አለችው፤ አንድ ጆሮዋ ተሰብሮ በክር የታሰረች። እሷን ያጠልቅና በወረንጦ የተቀለበሰውን ፀጉር አንድ በአንድ ይነቅላል። የነቀለውን አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አድርጎ «ይኸውልሽ ጠላትሽ» ይላታል። ማየት ካቆመች በኋላም እንደዚያው ማሳየቱን አልተወም። እሷም «አየሁት፣ ጣለው» ትለዋለች።

የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና አካባቢያችን ሲደርስ ቀድሞ ያስመዘገባት እሱ ነው። ስቃዩ ቀለለላት። ብሌኗ ግን ነጭ ለብሶ ነበር፣ አልተመለሰም። ፀጉሩም ከጊዜ በኋላ መልሶ ስለበቀለ ወረንጦው ሥራ አልፈታም።

ከዚያ ወዲህ ጓዳውን አባዬ ያዘው። የመንዝ ወንድ ምጣድ አጠገብ አይደርስም፤ ይህን የማያውቅ የለም። እሱ ግን ያቦካል፣ ይጋግራል። እናቴ የገብስ እንጀራውን በጣቷ ትዳስስና «ይሄ እንጀራዎ እንደኔ ዓይን የለውም» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ ይበላል። ከበሩ እስከ ሽንት ቤት ድረስ ከጓሳ ሣር ገመድ ገምዶ ወጠረላት። ያንን ይዛ ማንንም ሳትጠራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።

እኛን ያስተማረንም በዚሁ ጸባዩ ነው። ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ስማር በሶና ቆሎ ተሸክሞ፣ በጭነት መኪና ላይ የጣርማበርን ብርድ ተቋቁሞ ይመጣል። ሰጥቶኝ፣ ደብተሬን አገላብጦ፣ በነጋታው ይመለሳል። ማንበብ እንደማይችል እኔም አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ለልጅ ልጆቹ ደግሞ ፊት አጣቢ ነበር። የትራኮማ መድኃኒት በየቀበሌው መታደል ሲጀመር ልጆቹን ሰልፍ ያስይዛል። መድኃኒቱ የሚሰጠው በቁመት መለኪያ እንጨት ነው። ትንሿ የወንድሜ ልጅ ቁመቷ ከፍ እንዲል በጣቶቿ ስትቆም ተቆጥቷት ነበር። ጠዋት ፊቱን ያልታጠበ ልጅ ከሱ ቤት ቁርስ አያገኝም።

«አባዬ፣ ያ ጸሎት ግን ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«እናንተ እንደምትጦሯት አጥቼው አይደለም» አለኝ። «ግን እኔ ከሞትኩ ከዚህ ቤት ትወስዷታላችሁ። እዚህ ግድግዳውን ታውቀዋለች። ሰው ቤት ግን እጇን እየሳቡ ሲያስቀምጧትና ሲያስነሷት መኖሯ ነው። እኔ አልፈልግም።»

የንስሐ አባቱ «ዕድሜን የሚያስቀድምና የሚያስከትል እሱ ነው፣ አንተ አትዘዘው» ብለው ገሥጸውታል። «እሱማ ነው አባቴ፤ ለዚህ እኮ ነው እሱን የምለምነው» አላቸው። መስቀል አሳለሙትና ሄዱ።

በ2011 ክረምት አባዬ በሳንባ ምች ወደቀ። ደብረ ብርሃን አምጥተን ሆስፒታል አስገባነው። ኦክስጅን ተደረገለት። ሐኪሙ ወንድሜን ወደ ጥግ ወስዶ ቤተሰብ ቢሰበሰብ ጥሩ ነው አለው። እናቴን እኔ ቤት አመጣናት። ያን ሰሞን አባዬ የፈራውን በዓይኔ አየሁ። የበሩን አቅጣጫ ታጣለች። ከቡፌው ትጋጫለች። ውኃ ሲጠማት ሰው እስኪመጣ ዝም ትላለች። ወንበር ላይ ስናስቀምጣት እስክናነሳት እንደተቀመጠች ነው። በገዛ ቤቷ የምታዝዝ ሴት እኔ ቤት እንግዳ ሆነች።

ሌሊት ተነሥቼ ጸለይኩ። የሱን ጸሎት እንዳለ መድገም አልቻልኩም፤ የእናትን ሞት በምን አፍ ይለምኑታል? «የጀመረውን ያስጨርሰው» ብቻ አልኩ። እመቤቴን ጻድቃኔ ማርያምንም ጠራሁ። ከዚያ ወዲህ እየተሻለው መጣ። መድኃኒቱም ሠርቷል፣ ነርሶቹም ደክመውለታል፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም። ግን ተሰብሰቡ የተባልንለት ሰው ኦክስጅኑ ሲነሳለት ገና በደከመ ድምፅ «ዓይኗን ማን ነቀለላት?» አለ። ማንም አልነቀለላትም ነበር።

ከሆስፒታል እንደወጣ ተሳለ። ስለቱ ለጻድቃኔ ማርያም ዣንጥላ ነው። «ከሰመረልኝ ግን እኔ አላስገባውም፤ ያን ጊዜ አልኖርም» አለኝ። «አንቺ ታስገቢዋለሽ። አፍሽንም ከፍተሽ ትናገሪያለሽ።»

እናቴ በጥር 2013 አረፈች፤ በገዛ አልጋዋ፣ በምታውቀው ግድግዳ ሥር። ዓይኗን የከደናት እሱ ነው። በለቅሶው ብዙ አልጮኸም፤ ልቅሶ የሚደርሰውን ሁሉ «ሰማኝ፣ ሰማኝ» ይለዋል። አርባዋን የካቲት ውስጥ፣ ጾሙ ሳይገባ አወጣንላት። ድንኳኑ ሲፈርስ አባዬ የእድሩን ዕቃ ራሱ ቆጥሮ አስረከበ። ከዚያ በዐቢይ ጾም፣ መጋቢት ላይ፣ ተከተላት። አልታመመም፤ ማታ በሶ ጠጥቶ ተኛ፣ ጠዋት አልተነሣም።

በዚያው ዓመት ማግስት፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት፣ መዘዞና ሞላሌ ደረሰ። የኛ ሰፈር ሰው ልጁን አዝሎ በሌሊት ተሰደደ። ያቺን ዓይነ ስውር እናቴን፣ ባሏ ሞቶባት፣ ያን ገደል ለገደል ማን ይመራት ነበር? እግዚአብሔር ለምን ይህን አደረገ፣ ያን ተወ ብዬ የምፈላሰፍ ሰው አይደለሁም፤ ከጎረቤቶቻችን የሚወዱትን ያጡ አሉና። የኛን ቤት ብቻ ነው የምመሰክረው። አባቴ ለመነ፣ ተሰማ።

መንገዱ ሲከፈት ግንቦት 21 ላይ ዣንጥላውን ይዘን በሰላ ድንጋይ በኩል ወረድን። ቀይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ካህናቱ ተቀበሉን፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ማይክ ሲሰጡኝ እዚህ የጻፍኩትን ተናገርኩ፤ ከእንጀራው በስተቀር። ዋጋውን ስምንታችን ልንከፍል ተስማምተን ነበር። ታናሽ ወንድሜ የሱን ድርሻ ዛሬም አልሰጠኝም። ይህንንም አባዬ ይወቅልኝ።