«ማን ሞቶባት ነው?»

ጥቅምት ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰላድንጋይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጻድቃኔ ማርያም ተሳላሚ በሚያልፍበት፣ የፍቅር ኮሜዲ እንቀርጻለን። እሱ እናቱን ጠበል ሊያደርስ፣ እሷ በራሷ ጉዳይ፣ አንድ ሚኒባስ ላይ ይገናኛሉ። ጠበሉ ሰባት ቀን ነው። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ያድራል። መነካካት የለም። ኮሜዲው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው።

ዳይሬክተሩ ወሩን የመረጠው ለጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አገሩ አበባ ነው ብሎ። ውርጩን ማንም አልነገረውም። ማለቴ፣ እኔ ነግሬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ባትሪው ገና ሳንጀምር ይወርዳል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ስም ባወጡላት ከተማ አጠገብ፣ እኛ ብርሃን እየጠበቅን እንውላለን። ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ደመና ይመጣል፣ «ከት!»

እኔ ኮንቲኒዩቲ ነኝ፤ ልብሱም ዕቃውም ከአንዱ ቀረጻ (ቴክ) ወደ ሌላው እንዳይለወጥ የምጠብቀው። ግማሹን የተቀጠርኩት ግን «የአገሩ ልጅ ናት» ተብዬ ነው።

በየቴኩ መሀል ስልኬን አውጥቼ የተዋናይቷን ነጠላ ከፎቶው ጋር አስተያያለሁ። ማስታወሻዬ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ፦ «ጥለት ወደ ላይ፣ አንገት ጋ።» አሥር ቴክ ሙሉ አንዲት ክር አልተዛነፈችም። ጎበዝ ነበርኩ።

አሥራ አንደኛው ላይ አንዲት እናት ከመንገዱ ወጥተው ሞኒተሩ ኋላ ቆሙ። ቢጫ ጀሪካን፣ የበሶ ከረጢት፣ ባዶ እግር። አዩ፣ አዩና፦

«ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተባትም እማማ። ልጁ እየለመናት ነው። ፍቅር ነው።»

«ታዲያ ጥለቱን ወደ ላይ አርጋ ምን ያስቃታል?»

ክው አልኩ። ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ መስቀለኛ ይጣፋል። ለደስታ ከሆነ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ላይ የሚሆነው ለሐዘን ነው። አያቴ ያረፉ ጊዜ እናቴ እንዲያ ለብሳ ከርማለች፣ በዚሁ ዓይኔ አይቻታለሁ። ፎቶ ከፎቶ ሳመሳስል ነጠላውን አላየሁትም።

የልብስ ባለሙያዋን ጠየቅኳት። «ሰማያዊው ጥለት ፊቷን ያወጣዋል ብሎ ዳይሬክተሩ ነው ያዘዘኝ» አለች። ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ።

«ማን ያያል?» አለኝ።

እማማ ግን ቀድመውናል። ሻይ ይዛ ወደቆመችው ተዋናይት ሄደው፣ ትከሻዋን ዳበስ አርገው፣ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሏት። እሷ አድናቂ መስለዋት ፈገግ አለች።

«አሜን፣ ለእርስዎም!»

እማማ ዞር ብለው አንዴ አዩኝ። እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» የሚል አስተያየት ነው። ደግነቱ አልጠየቁኝም። አባቴን ብጠራ ሊያውቁት ይችላሉ።

ደግሞ ለመቅረጽ በጀት የለም። ኤዲቲንግ ላይ ዳይሬክተሩ መላ አገኘ። ልጅቷ ከጀርባ በምትታይበት ሾት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በዳቢንግ አስገባ፦ «አክስቴ ካረፈች አርባዋ እንኳ አልወጣም።» በስክሪፕቱ ያልነበረች አክስት እንዲህ ሆና ሞተች። የሚቀጥለው ሲን ላይ ልጅቷ እስክስታ ትወርዳለች። እሱን ማን ያያል?

በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ «ለባህሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ አድርገናል» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ቀረጻ ላይ ቆመው የሚያዩ እናት ካሉ ወንበር አቀርባለሁ። እሱ ደግሞ «ተመልካች ሞኒተር አጠገብ ድርሽ እንዳይል» የሚል ሕግ አውጥቷል።

ፊልሙ የተመረቀ ዕለት ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ «በአክስቷ አርባ እስክስታ?» አሉ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ክር የለውም።