ከአቡነ ዮሴፍ በላይ ሰማይ ነው

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የተወለድኩት ግን ላስታ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ነው። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ አየሩ ቢሞቅስ ምን ችግር አለው? እንስሳቱ ይለምዱት የለ እንዴ?»

ጥያቄውን እወደዋለሁ። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ስለሆነ ግን አንድም ቀን ልቤ እስኪደርስ መልሼው አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ከቀይ ቀበሮ እጀምራለሁ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ። እኛ ወሎ ውስጥ በአቡነ ዮሴፍ ዙሪያና በቦረና ሳይንት ፓርክ አሉ። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ላይም ነበሩ፤ ዛሬ የሉም።

ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘር ከቆላው ቀበሮ ይልቅ ለግራጫው ተኩላ ይቀርባል። በአንድ ግምት አያቶቹ ወደ አፍሪካ የገቡት ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዓለም ቀዝቃዛ በነበረችበት ዘመን ማለት ነው። ቅዝቃዜው የከፋው ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን የእኛ ተራሮች ከዛሬው ቢያንስ በ4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዙ ነበር። ባሌና ስሜን ላይ የበረዶ ግግር ነበር።

እስቲ አብረን እናስላው። 100 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 4 ዲግሪ ማለት እንግዲህ ከ650 ሜትር በላይ ነው። ዛሬ 3,500 ሜትር ላይ የሚበቅለው ጓሳ የተባለው ሣርና ጅብራ የተባለው ተክል ያኔ ከ3,000 ሜትር በታች ወርዶ ነበር ማለት ነው። ውርጭ የምንለው አገር እንዲህ ሲሰፋ፣ ዛሬ በገደልና በእርሻ የተለያዩት ተራሮች በብዙ ቦታ በሣር ይገናኙ ነበር። ቀበሮው ሰፊ አገር ነበረው።

ከዚያ ምድር ሞቀች። ሣሩ ወደ ላይ ሸሸ፣ አይጡ ሣሩን ተከተለ፣ ቀበሮውም አይጡን ተከተለ። ዛሬ ተራራ ጫፍ ላይ ስናየው ከፍታ የሚወድ እንስሳ ይመስለናል። እኔ ግን የማየው አገሩ ከሥሩ እየተጠቀለለ ያለቀበትን እንስሳ ነው።

አካሉን ልብ ብላችሁ እዩት። አፉ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ጥርሶቹ ትናንሽና የተራራቁ ናቸው። በግ ለመጣል የተሠራ አፍ አይደለም፣ ከጉድጓድ አፍ ላይ አይጥ ቀልቦ ለማውጣት ነው። የሚያድነው ደግሞ በቀን ነው። ሌሊቱ እላይ እጅግ ስለሚበርድ አይጦቹ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ነው፤ ስለዚህ እሱም የቀን አዳኝ ሆነ። አቡነ ዮሴፍ ላይ ሲያድን አይቼዋለሁ። ሁለት ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ ሆዱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እግር ያነሳና አየር ላይ ያቆየዋል። መሬት ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን እየሰማ ነው። ከዚያ ዘሎ በሁለት የፊት እግሩና በአፉ አንድ ላይ ያርፋል። ሲስትም ቆሞ አይጨነቅም፣ ወዲያው ወደ ሌላው ጉድጓድ። እንደዚያ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም። ከጥርሱ እስከ ሰዓቱ ሁሉ ነገሩ ለዚያ ቀዝቃዛ ሜዳ የተሰፋ ነው። ቆላ ቢወርድ ምን ይበላል? እዚያ ያሉት አዳኞች ከእሱ ቀድመው ለቆላ የተሠሩ ናቸው።

የጭላዳ ዝንጀሮም ታሪክ ያው ነው፣ እንዲያውም ይረዝማል። ቁልቁል አፋር ውስጥ ሐዳር አለች፤ ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት ቦታ፣ ድሮ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረች። እዚያ ከሉሲ ወገኖች ጋር የጭላዳ ዘመዶች አጥንትም ወጥቷል፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ። ኋላም ትልልቅ ሣር በል ዘመዶቹ በብዙ የአፍሪካ ክፍል ተሰራጭተው ነበር። ሁሉም ጠፉ። ከዚያ ሁሉ ወገን የቀረው የእኛ ደጋ ገደል ላይ የሚያድረው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር የሚነጨው ጭላዳ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ስናየው እንደ ተራ ነገር እናልፈዋለን። ለእኔ ተራ ሆኖልኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ። «ይለምዱታል» የሚለው ነገር ላይ መግባባት አለብን። አንድ ቀበሮ ስለሞቀው ብቻ ፀጉሩ የሚሳሳ ልጅ አይወልድም። ለውጥ የሚመጣው በመንጋው ውስጥ ቀድሞውኑ ልዩነት ሲኖር ነው። ችግር ሲመጣ አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ ይተርፋል፤ የተረፈው ይወልዳል፣ ልጆቹም እሱን ይመስላሉ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማነሳው የጋላፓጎስ ወፎችን ነው። ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ወፎቹን እየያዙ ምንቃራቸውን ይለኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ድርቅ ገባ። ለስላሳው ፍሬ አለቀ፣ ጠንካራው ቀረ። ጠንካራውን መስበር የቻሉት ምንቃረ ወፍራሞቹ ተረፉ፣ አብዛኞቹ ሌሎች በረሃብ አለቁ። የተረፉት ወፎች ልጆችም ወፍራም ምንቃር ይዘው ተፈለፈሉ። ዝግመተ ለውጥ በሰው ዓይን ታየ።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ስንቱ ሞቶ እንደሆነ እንዲያስቡ እጠይቃቸዋለሁ። ያ ለውጥ የተገኘው ከብዙ መካከል ነው። ከ500 መካከል፣ ያውም በተለያዩ ተራሮች ላይ ተበታትነው ካሉ 500 መካከል፣ ስንት ልዩነት ይገኛል? ከአንድ መንጋ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አለቃዋ ሴት ብቻ ናት፣ እሷም በዓመት አንዴ። እንዲህ ያለ እንስሳ ከዚህ የሙቀት ፍጥነት ጋር እሽቅድምድም አይችልም።

የሚችልም አለ። የወባ ትንኝ ይችላል። ትውልዷ በሳምንታት የሚቆጠር ነው፣ በአንዴ ደግሞ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ፀረ ተባይ ስንረጭባት የማይገድላቸው ጥቂቶች ተረፉ፣ በዙ፤ ዛሬ በአገራችን ዲዲቲን የሚቋቋሙ ትንኞች በብዙ ቦታ አሉ። ከፍታውንም እየሞከረች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገበውን የወባ ሕመምተኛ ቁጥር አይቶ፣ ሞቅ ባሉት ዓመታት ወባው ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወጥቶ ደሴ ሲገባ 2,500 ሜትር ይደረሳል። ከታች ያሉ ዘመዶቻችን በወባ ሲያልቁ ደሴን ያዳናት ይህ ዳገት ነው። ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዳገቱ ያጥራል። ይህን ስል ተማሪዎቼ ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም ግማሾቹ ኮምቦልቻ ቤተሰብ አላቸው።

በዓለም ዙሪያ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ ነበር። እንስሳትና ዕፅዋት በአማካይ በየአሥር ዓመቱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ዋልታዎቹ፣ 11 ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ላይ እየሄዱ ነው ይላል። ሜዳ አገር ላይ ያለ እንስሳ የሚሸሽበት ያገኛል። አቡነ ዮሴፍ ግን 4,200 ሜትርን ጥቂት አልፎ ያልቃል።

ወደ ላይ የሚወጣውም ትንኝና ቀበሮ ብቻ አይደለም። ባለፈው አገር ቤት ስሄድ አጎቴ እንዲህ አለኝ፦ «አንች፣ ገብሱ እኮ አሁን እላይ ድረስ ይይዛል። ድሮ ውርጩ ነበር የሚያቃጥለው።» ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። ልወቅሰው አልችልም። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ሲከፋፈል ጥማድ የማያዞር ሆኗል፣ በልጉም አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት ይቀራል። ሲሞቅ ገብሱ ወጣ፣ ገብሱን ተከትሎ ሰው፣ ሰውን ተከትሎ ውሻ። ቀበሮው ከታች ሙቀቱ ሲገፋው ከላይ ማረሻው ይጠብቀዋል። እኔ ከሙቀቱ ይልቅ ቅርብ አደጋ የምለው ይህንን ነው፤ በእጃችን ያለውም ይኸው ነው።

የውሻውን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ባሌ ላይ ብዙ ስለነበሩ አገገሙ። እኛ ጋ ያሉት ግን በጣም ጥቂት ስለሆኑ አንድ ክፉ ዓመት ሊጨርሳቸው ይችላል።

የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ጓሳውን በተራ የሚጠብቁ ገበሬዎችን አውቃለሁ፣ ጎጇቸውን የሚከድኑት፣ ገመድ የሚገምዱትም በእሱ ነው። እዚያ ወሰኑ ሳይገፋ እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ የሚቀረው ሣር ለቀበሮው የመጨረሻ መጠጊያው ነውና። አጎቴን ደግሞ ሁለቱን ውሾቹን እንዲያስከትብ ለምኜዋለሁ። «ክትባቱ ሲመጣ ጥሪኝ እንጂ እኔማ ምን ገዶኝ» ብሎኛል። ደጋ ላይ ዘመድ ያላችሁ የላስታ፣ የዳውንትና የቦረና ሳይንት ልጆች፣ ስትደውሉ ስለ ውሻው ክትባት ጠይቁልኝ።