ለትንሽ መሬት የመንዝን በግ ለምን መረጥኩ

በግ ለማርባት ስነሳ መጀመሪያ የለካሁት የገለባ ክምሬን ነው። መንዝ ላይ ያለኝ መሬት ሁለት ጥማድ አይሞላም፤ የሚበቅልበት ገብስና ባቄላ ነው፤ ውርጩም የታወቀ ነው። ገበያ ላይ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው ትልቅ የበግ ዘር፣ የአዋሲ ክልስ ጠቦቶች ሳይ ቁመናቸውም ዋጋቸውም ያጓጓል። ሆኖም በግ በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ለምትመዝን የመንዝ እናት በግ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ይበቃታል፤ እጥፍ የምትመዝን እጥፍ ትበላለች። ግጦሽ በሚጠፋባቸው 3 ወራት ለአንዷ የመንዝ በግ ብቻ 70 ኪሎ ያህል መያዝ አለብኝ። ስለዚህ በዚያው ክምር ጥቂት ትልልቅ ከማቆይ ብዙ ትናንሽ በጎች ማቆየትን መረጥኩ። አንዷ ብትመክን ወይም ብትሞት ቤቱ አይራቆትም፤ ችግር ሲመጣም አንዷን ሸጬ ሌሎቹ ይቀሩኛል።

መኖ የተረፈው ሰው አዋሲን ቢያረባ አልቃወምም። ከመንዝ ውጭ ያለ ሰውም የኔን በግ ይግዛ አልልም። ጎጃም ዋሸራ አለ፣ ወለጋ ሆሮ፣ ካፋ ቦንጋ፤ ቆላውን ደግሞ የአፋር በግ ለምዶታል።

ዘሩን ከወሰንኩ በኋላ ዋናው ሥራ እናቶቹን መምረጥ ነበር። እዚህ ላይ የረዳችኝ አክስቴ ናት። «አንተ ልጅ፣ በጥር የወፈረችን በግ አትይ፤ ያኔ ቃርሚያ ላይ ሁሉም ይወፍራል። በሐምሌ ላቷን ዳብሰህ ግዛ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ላት የበጓ ጎተራ ነው፤ ማሳው ሁሉ በተዘራበት፣ ዝናብና ብርድ በበረታበት ወር ግልገል እያጠባች ላቷ ያልሟሸሸ በግ ለዚህ አገር የተፈጠረች ናት። የገዛሁትም ከየቤቱ ነው። ገበያ የወጣች እናት በግ ለምን እንደወጣች አይታወቅም፤ የማትይዝ ወይም ግልገሏን የማትቀበል ልትሆን ትችላለች። ደጅ ላይ ግን ግልገሎቿ ከአጠገቧ ናቸው፣ ጡቷ ይታያል፣ ጎረቤትም ይመሰክራል። ዋጋው ጨመር ቢልም አያስቆጭም።

ጠንካራ ዘርም ቢሆን ሐኪም ይፈልጋል። ረግረግ ላይ የጋጠ በግ የጉበት ትል ይይዘዋል፤ ትሉን የሚያሳድገው ውሃ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ ነው። ስለዚህ ውሃ ከሚቋጥር መስክ አርቃቸዋለሁ፤ የትል መድኃኒቱንና ክትባቱንም በወቅቱ አሰጣለሁ።

ከሁሉ አብልጬ መናገር የምፈልገው ስለ አውራው ነው። በእኛ ዘንድ ፈጥኖ ያደገ ጠቦት ለፋሲካ ቀድሞ ይሸጣል። ቤት የሚቀረው ነጋዴ የናቀው ቀጫጫ ነው፤ እናቶቹን የሚያጠቃውና የሚያስረግዘውም እሱ ይሆናል። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ዘሩን በገዛ እጃችን እናሳንሰዋለን፤ ከዚያ «የመንዝ በግ አያድግም» እንላለን። ይህ በጣም ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረውና ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ድርጅትና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከመንዝ አርቢዎች ጋር የሠሩበት የማኅበረሰብ ዝርያ ማሻሻያ ይህንኑ ልማድ ለመቀየር ነው፤ የጠቦቶች ክብደት ይመዘገባል፣ አርቢዎቹ ተሰብስበው ምርጡን ይለያሉ፣ አውራውንም በጋራ ይጠቀሙበታል።

እኛም ጎረቤታሞች በዚሁ መንገድ ይዘናል። የግልገሉን የልደት ቀን፣ እናቱን፣ ጡት ሲጥልና በ6 ወሩ የመዘነውን ደብተር ላይ እንጽፋለን። የጠቦቱን ክብደት ብቻ አናይም፤ እናቱ በየስንት ጊዜው እንደምትወልድና ስንቱን እንዳሳደገች እንጠይቃለን። ያልተመረጡት ይሸጣሉ ወይም ይኮላሻሉ። የአውራው ሴት ልጆች ለጥቃት ሳይደርሱ አውራውን ራቅ ካለ መንደር ጋር እንለዋወጣለን፤ ያለዚያ አባት ልጁን ያጠቃል፣ ደካማ ግልገልም ይበዛል። ለተመረጠው ጠቦት ባለቤት በዓሉ ላይ ሊያገኝ የነበረውን ዋጋ ከየቤቱ አዋጥተን አስቀድመን እንሰጠዋለን። ለፋሲካ የደረሰ ጠቦት በባዶ ልመና የሚያቆይ ሰው የለም፤ ልጆቹን የሚያለብሰው በዚያ ገንዘብ ነው።