ተኝቼ ነቃሁ

በመጀመሪያው የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ምርመራዬ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራ በሚታይበት ምርመራ፣ ትንፋሼ ተቋርጦ ነበር፤ በሁለተኛው ግን በሰላም ተኝቼ በሰላም ነቅቻለሁ። በሁለቱ መካከል ባሉት አምስት ወራት ስለ ጸለይሁት ጸሎትና ስለ ተሰጠኝ መልስ፣ የእግዚአብሔር ስም ይከብር ዘንድ ይህን እመሰክራለሁ።

ምርመራው የታዘዘልኝ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ የደሜም መጠን ወርዶ ስለ ነበር ነው። በዚያን ቀን ሚዳዞላምና ፌንታኒል ተሰጡኝ። የፊተኛው ፍርሃትን አርግቦ የሆነውን ያስረሳል፣ የኋለኛው ሕመምን ያስታግሳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ትንፋሽን የማዳከም ኃይላቸው ለየብቻ ከሚሰጡበት ጊዜ ይበልጣል። የታሰበው ስጠራ እየሰማሁ እንዳንቀላፋ ነበር፤ እኔ ግን ከታሰበው በላይ ጠልቄ ተኛሁ። የቀረውን የማውቀው ሐኪሙ ለባለቤቴ ከነገራት ነው። የኦክስጅን መጠኔ ወደ 70 ከመቶ ሲያሽቆለቁል ቱቦውን አውጥተው፣ አገጬን ወደ ላይ አንሥተው፣ በጭምብል ኦክስጅን እየሰጡ የሁለቱንም መድኃኒቶች ማርከሻ፣ ማለትም ፍሉማዜኒልንና ናሎክሶንን፣ በደም ሥሬ ሰጡኝ። በጨጓራዬ ላይ ቁስል ታይቶ ነበር፤ ከቁስሉ ናሙና ግን ሳይወሰድ ምርመራው ተቋረጠ።

የጨጓራ ቁስል ደግሞ በክኒን ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ካንሰር አለመሆኑ በናሙና መረጋገጥ አለበት። ሐኪሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንድመለስ አጥብቆ ሲያሳስበኝ እኔ ወራት አሳለፍሁ። ሌሊት ሌሊት ተንበርክኬ የምለምነው ቱቦው ዳግመኛ ወደ ጉሮሮዬ እንዳይገባ፣ ማደንዘዣ የሚባል ነገርም እንዳይነካኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጸሎት ይባል እንጂ ሽሽት ነበር። አንድ ሌሊት ግን ልመናዬ ተለወጠ፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህን እንቅልፍ ለአንተ ሰጥቻለሁ፤ የተሰወረውን ነገር አንተ ግለጠው» ብዬ ተነሣሁ። በማግሥቱ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ደውዬ ቀጠሮ ያዝሁ።

በቀጠሮው ቀን የሰመመን ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ምርመራ ታሪክ ሁሉ በዝምታ ካዳመጠች በኋላ «ያንኮራፋሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ለእኔ አዲስ አልነበረም። በፊተኛው ቅጽ ላይም ነበረ፤ እኔም አፍሬ «አላንኮራፋም» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አልፌዋለሁ። አሁንም ያንኑ ልደግም አፌን ስከፍት የዚያች ሌሊት ልመናዬ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና መለሰች፦ «ማንኮራፋቱን እንኳ ለምጄዋለሁ፤ የምፈራው ድንገት ጸጥ ሲል ነው። በክርኔ ጎሸም ሳደርገው ነው ትንፋሹን ስቦ የሚቀጥለው።»

ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮዬ ጡንቻዎች እየላሉ የአየር መንገዱን እንደሚዘጉት፣ ማስተኛ መድኃኒት ይህንኑ እንደሚያባብሰው፣ በዚያ ላይ በተፈጥሮ እንቅልፍ እንደሚሆነው ባንኖ የመተንፈስን አቅም እንደሚቀንስ አስረዳችኝ። ለእኔ የመረጠችው ፕሮፖፎልን በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ነበር። ማርከሻ እንደሌለው ስትነግረኝ ደነገጥሁ፤ ሆኖም ኃይሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ትንፋሼን ብቻ የሚከታተል ሰው አጠገቤ እስካለ ድረስ ሊመራ የሚችል መድኃኒት ነው አለችኝ። ያ ሰው ራሷ ነበረች። ጣት ላይ የሚደረገው መሣሪያ የኦክስጅንን መውረድ የሚያሳየው ትንፋሽ ከቆመ ከቆይታ በኋላ ስለሆነ፣ በየትንፋሹ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ጨመረችልኝ፤ ይህኛው ትንፋሽ ሲቆም ወዲያው ይናገራል። ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት መከልከሌንም ደጋግማ አረጋገጠች፤ የተኛ ሰው ሳል ስለሚደክም ከጨጓራው የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና።

በግራ ጎኔ ተኛሁ፤ ጉሮሮዬ በሊዶኬይን ደንዝዟል፣ በጥርሶቼ መካከል ቱቦው የሚያልፍበት ቀለበት ተደርጓል። እንደ ወተት የነጣው መድኃኒት ክንዴን እያቃጠለ ሲገባ በልቤ «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመርሁ። «ፈቃድህ» ከሚለው ላይ ደርሼ ነበር፤ ዓይኔን ስገልጥ ከዚያው ቀጥዬ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ስል ድምፄ ተሰማኝ። ነርሷ ሳቀችና ጉሮሮዬ ከድንዛዜው እስኪለቅ ድረስ እንጀራውም ውኃውም እንደሚቆይ ነገረችኝ። በመካከሉ ወደ ሃያ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። ባለሙያዋ ትንፋሼ ሁለት ጊዜ ሊዘጋ ሲል አገጬን ደግፋ እንዳሳለፈችው ነገረችኝ፤ እኔ ግን የማይተኛውንና የማያንቀላፋውን ስጠራ እንደ ነበርሁ ብቻ አውቃለሁ።

ናሙናው ካንሰር አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ለቁስሉ ምክንያት የሆነው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም በመድኃኒት ጠፋ። የእንቅልፍ ምርመራ ተደርጎልኝ አሁን አየር የሚገፋ ጭምብል አድርጌ እተኛለሁ፤ ባለቤቴም ሌሊት በክርኗ መጎሸሟን ትታለች።