ትሬዶችን ማስቆም፦ የርቀት ዲበገር ሰርቨር ስጽፍ የገባኝ

ዲበገር የሌላን ፕሮግራም ስህተት ለመፈለግ ፕሮግራሙን እያስቆመ የሚመረምር ፕሮግራም ነው። እሱ ላይ «አቁም» የሚለውን ስንጫን የሚመረመረው ፕሮግራም ባለበት ቀጥ ይላል። ቢያንስ ከላይ ሲታይ እንደዚያ ነው። ከሥር ግን 40 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) ያለው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) የሚቆመው 40 ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ትሬድ በራሱ ሰዓት፣ አንዳንዴም በራሱ ምክንያት ይቆማል። ይህንን በቅርብ ያየሁት ሊኑክስ ለሚሠራባት፣ ኤክስ86-64 የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ላለባት አነስተኛ መሣሪያ የዲበገር ሰርቨር ስጽፍ ነው። ለአብዛኛው ሰው ጂዲቢሰርቨር የሚባለው ዝግጁ ፕሮግራም ይበቃዋል፤ የሚጠይቀኝ ካለ መጀመሪያ የምመክረውም እሱኑ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሥራው መሣሪያው ላይ ቀድሞ በሚሠራ የምርመራ ፕሮግራም ውስጥ መካተት ስለነበረበት ሌላ አማራጭ አልነበረም።

አወቃቀሩ እንዲህ ነው። ጂዲቢ የተባለው ዲበገር ገንቢው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ የምንጭ ኮዱን፣ የተለዋዋጮቹን ስም፣ የመስመሮቹን ቁጥር የሚያውቀው እሱ ነው። መሣሪያው ላይ ያለው ሰርቨር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም፤ እጁ ላይ ያሉት አድራሻ፣ ባይት፣ ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የቁጥር ማስቀመጫ) እና ትሬድ ብቻ ናቸው። በመካከላቸው የሚመላለሰው ፓኬት በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ በ# ይዘጋል፣ ከዚያ በአሥራ ስድስት ቤት የተጻፈ ባለ ሁለት አኃዝ ማረጋገጫ ይከተላል፤ ማረጋገጫው የባይቶቹ ድምር ለ256 ተካፍሎ የሚተርፈው ነው። ፓኬቱ በደህና ከደረሰ ተቀባዩ የመደመር ምልክት ይመልሳል፣ ከተበላሸ የመቀነስ። ሬጅስተር አንብብ፣ ሜሞሪ አንብብ፣ ሜሞሪ ጻፍ፣ ቀጥል፣ ለምን ቆምክ፤ ለመጀመር ከነዚህ ብዙም የዘለለ አያስፈልግም። ይህ ክፍል ጸጥ ያለ ሥራ ነው፣ አልፈዋለሁ።

ሳላነሳው የማላልፈው የሲግናል ቁጥር ጉዳይ ነው። ሲግናል በከርነሉ፣ ማለትም በሊኑክስ እምብርት፣ በኩል ለፕሮሰስ ወይም ለትሬድ የሚደርስ አጭር ማስታወቂያ ነው። ጂዲቢ በፕሮቶኮሉ ውስጥ የሚጠቀመው የራሱን ቁጥር እንጂ የሊኑክስን አይደለም። ለዲበገር ማቆሚያ የሚያገለግለው ሲግትራፕ በሁለቱም 5 ነው፣ የተከለከለ ሜሞሪ መንካትን የሚያመለክተው ሲግሴግቪ በሁለቱም 11 ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሁሉ ያልፋሉ። ፕሮግራሞች ለራሳቸው ጉዳይ የሚጠቀሙበት ሲግዩኤስአር1 ግን በመሣሪያዬ ሊኑክስ 10 ሲሆን በጂዲቢ 30 ነው። የጂዲቢ 10 ደግሞ ሌላ የሜሞሪ ስህተት የሚያመለክተው ሲግባስ ነው። የከርነሉን ቁጥር እንዳለ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ሰላማዊ ሲግናል የተቀበለውን ፕሮግራም የሜሞሪ ስህተት እንደፈጸመ አድርጎ ያቀርበዋል። የመቀየሪያ ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ቀን መጻፍ አለበት።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከርነሉ ለዚህ ሥራ የሚሰጠን በር ፒትሬስ ነው፤ ፒትሬስ የሚይዘው ደግሞ ፕሮሰስን ሳይሆን ትሬድን ነው። የሚሠራን ፕሮሰስ ለመያዝ ከርነሉ የፕሮሰሶችን መረጃ በሚያሳይበት በፕሮክ ማውጫ ሥር «ታስክ» ውስጥ የተዘረዘሩትን ትሬዶች አንድ በአንድ መያዝ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፦ ዝርዝሩን እያነበብን ሳለ ገና ያልያዝነው ትሬድ ሌላ ትሬድ ሊወልድ ይችላል። አንድ ጊዜ ማንበብ ስለማይበቃ፣ በተከታታይ በተደረጉ ሁለት ሙሉ ንባቦች አዲስ ትሬድ እስካልተገኘ ድረስ ማዞሩን እቀጥላለሁ። ከሊኑክስ 3.4 ጀምሮ ያለው «ሲዝ» የሚባለው አያያዝ ትሬዱን ሳያስቆም ይይዘዋል፣ ማስቆሙንም ያለ ሲግናል በሌላ ትእዛዝ ይፈጽማል። ዛሬ የሚጀምር ሰው በሱ ይጀምር። እኔ ከዚያ ያረጁ ከርነሎችንም መደገፍ ስለነበረብኝ ሲግስቶፕ በተባለው የማቆሚያ ሲግናል በሚያስቆመው በአሮጌው መንገድ ሄድኩ፤ ከዚህ በታች የምተርከው ጣጣ ግማሹ የመጣው ከዚሁ ምርጫ ነው።

ገና ከመነሻው ንድፉን የወሰነልኝ ሌላው ሕግ፣ ከርነሉ የፒትሬስ ትእዛዝ የሚቀበለው ከያዘው የሰርቨሩ ትሬድ ብቻ መሆኑ ነው። በዚያው ሰርቨር ውስጥ ያለ ሌላ ትሬድ ትእዛዝ ቢሰጥ «እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ፕሮሰሱ ግን ፊቱ ላይ አለ። ስለዚህ ሰርቨሩን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ትሬድ ከኔትወርኩ ፓኬት ያነባል፣ ትእዛዙን ወረፋ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው ፒትሬስንም፣ የትሬዶችን መቆምና መውጣት የሚያሳውቀውን ዌይትፒአይዲንም ብቻውን ይዞ ይሠራል። በመካከላቸው የሚጋሩት ከወረፋው በቀር ምንም የለም።

አሁን ማስቆም። አንድ ትሬድ ብሬክፖይንት (እዚህ ሲደርስ እንዲቆም በኮዱ ላይ የተተከለ ምልክት) ሲመታ ጂዲቢ በተለመደው አሠራሩ የቀሩትም ሁሉ ቆመው እንዲጠብቁት ይፈልጋል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ትሬድ፣ ለአንድ ትሬድ ሲግናል በሚልከው በቲጂኪል፣ ሲግስቶፕ ይልካል፣ ከዚያ የመቆሙን ወሬ ከዌይትፒአይዲ ይጠብቃል። በመላኩና በመቆሙ መካከል ያለችው ጊዜ ትንሽ ናት፤ ትሬዱ ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ የራሱን ብሬክፖይንት ሊመታ፣ ሌላ ሲግናል ሊቀበል፣ ጭራሹንም ሥራውን ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። እንበል ብሬክፖይንት መታ። ዌይትፒአይዲ የሚነግረን ሲግትራፕን ነው። ትሬዱ ቆሟል፣ የፈለግነው ሆኗል፤ የላክነው ሲግስቶፕ ግን ገና አልደረሰም፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ቆመ» ብለን መዝግበን ካለፍን፣ ተጠቃሚው «ቀጥል» ባለ ቅጽበት ትሬዱ ማንም ሳያዘው እንደገና ይቆማል። ይባስ ብሎ ያን ሲግስቶፕ የፕሮግራሙ የራሱ መስሎን ብናስተላልፈው ፕሮሰሱ በሙሉ ይቆማል፣ የሚያስነሳውም የለም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ትሬድ መዝገብ መያዝ ነው። የኔ መዝገብ አራት ነገር ይይዛል፦ ጂዲቢ ይህ ትሬድ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋል፤ ከርነሉ መጨረሻ የነገረን ምንድን ነው፤ ልከን ገና ያልተቀበልነው ሲግስቶፕ አለ ወይ፤ ለጂዲቢ ገና ያልተናገርነው ክስተት አለ ወይ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱን፣ ማለትም የታዘዘውንና የተረጋገጠውን፣ በአንድ «ሁኔታ» የሚባል ተለዋዋጭ መያዝ በጣም ይማርካል። ኮዱ ያጥራል፣ ያማረም ይመስላል። ነገር ግን ትሬዱ «ቁም ተብሏል፣ ገና አልቆመም» በሚባለው መሐል ላይ ሆኖ ሬጅስተሩን ብንጠይቅ ከርነሉ ስህተት ይመልሳል፤ መልሱም ትሬዱ ከሞተበት ጊዜ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ከስህተቱ መለየት አይቻልም። የሚለየው መዝገቡ ብቻ ነው።

ሁለት ትሬዶች በአንድ ጊዜ ብሬክፖይንት ሲመቱ የሚሆነውን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ቦታም ይሄ ነው። በኤክስ86 ላይ ብሬክፖይንት ማለት ፕሮሰሰሩ በሚፈጽመው መመሪያ የመጀመሪያ ባይት ፋንታ 204 የሚለውን ባይት መተካት ነው። ትሬዱ ሲመታው፣ ቀጥሎ የሚፈጸመውን መመሪያ አድራሻ የሚይዘው ፒሲ የሚባለው ሬጅስተር ባይቱን አልፎ አንድ ወደፊት ያሳያል፤ ሰርቨሩ በአንድ ይመልሰዋል፣ መመለሱንም ለጂዲቢ በመልሱ ውስጥ ያስታውቃል፣ አለዚያ ጂዲቢ የማስተካከሉ ሥራ ለሱ የተተወ ሊመስለው ይችላል። በሌላው የፕሮሰሰር ዓይነት በኤአርኤም 64 ላይ ፒሲ እዚያው መመሪያው ላይ ስለሚቀር ይህ ጣጣ የለም። እንግዲህ ሁለቱም መቱ፤ በተለመደው አሠራር ግን ለጂዲቢ የሚነገረው አንድ ክስተት ነው። ሁለተኛውን ምን እናድርገው? ብናቆየውና ተጠቃሚው በመሐል ያንን ብሬክፖይንት ቢያነሳው፣ በኋላ የምናቀርበው ክስተት የሌለ ብሬክፖይንት የመታ ይሆናል፤ ጂዲቢም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሲግትራፕ ብሎ ያሳየዋል። የሚሻለው የሁለተኛውን ፒሲ ወደ ብሬክፖይንቱ አድራሻ መልሶ ክስተቱን መጣል ነው። ሲለቀቅ ብሬክፖይንቱ አሁንም ካለ ራሱ ሄዶ ይመታዋል፤ ከሌለ በሰላም ያልፋል። ከተቆለሉት ክስተቶች የትኛው ይቅረብ ለሚለው ደግሞ በዕጣ መምረጥ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ራስ የሚጀምር ሰርቨር ሥራ የሚበዛበት አንድ ትሬድ ካለ የሱን ብቻ እያቀረበ ሌሎቹን ሊያስረሳ ይችላል።

ከቆሙ በኋላ ማስቀጠልም የራሱ ወግ አለው። ብሬክፖይንት ላይ የቆመ ትሬድ እንዲሁ ቢለቀቅ ያንኑ ባይት ይመታል። ስለዚህ ዋናውን ባይት መመለስ፣ ያንን ትሬድ ብቻውን አንድ መመሪያ ማራመድ፣ 204ን እንደገና መትከል፣ ከዚያ ሁሉንም መልቀቅ። ሜሞሪው የሁሉም ስለሆነ፣ ባይቱ በተነሳባት ቅጽበት ሌላ ትሬድ እየሮጠ ከሆነ ብሬክፖይንቱን ሳይመታ ያልፋል፤ ሌሎቹን ይዞ ማቆየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ታዲያ ያቺ አንዷ መመሪያ የሲስተም ጥሪ፣ ማለትም ከከርነሉ አገልግሎት የምትጠይቅ፣ ብትሆንስ? ትሬዱ ሌላው ትሬድ የያዘውን ቁልፍ ሊጠብቅ ወደ ከርነል ይገባል፣ ሌላውን ደግሞ እኛ ይዘነዋል። እርምጃዋ አታልቅም፣ ዲበገሩም ይደርቃል። ከዚህ መውጫው መመሪያዋን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ እዚያ ማስፈጸምና ፒሲን ማስተካከል ነው፤ ብሬክፖይንቱ ከቦታው ስለማይነሳ ሌሎቹን መያዝ አያስፈልግም። ጂዲቢም ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ነገር ግን አድራሻቸውን ከፒሲ አንጻር የሚያሰሉ መመሪያዎች በሌላ ቦታ ሲፈጸሙ ትርጉማቸው ስለሚለወጥ መታረም አለባቸው፣ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ የሠራሁት ለሲስተም ጥሪ መመሪያ ብቻ ነው፤ ለቀሩት አሮጌው መንገድ ይበቃል።

ከሲስተም ጥሪ ሳንወጣ፣ ተጠቃሚው ትሬዱ ከርነል ውስጥ ተኝቶ ሳለ አስቁሞት ከዲበገሩ አንድ ፈንክሽን ቢጠራ ምን ይሆናል? ጂዲቢ ፒሲን ወደ ፈንክሽኑ መጀመሪያ ያዞራል፣ ቀጥል ይላል። ከርነሉ ግን የተቋረጠውን ጥሪ እንደገና ለማስጀመር ከፒሲ ላይ 2 ይቀንሳል፤ በኤክስ86-64 የሲስተም ጥሪ መመሪያ ርዝመቱ 2 ባይት ነውና። ትሬዱ ከፈንክሽኑ በፊት ባለ ባይት ላይ ያርፋል፣ የሚከተለው ብልሽት ምክንያቱ ከቦታው ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ኦሪግ-ራክስ የተባለውን ሬጅስተር -1 ማድረግ ለከርነሉ «የሚደገም ጥሪ የለም» ማለት ነው። ጂዲቢ ይህን ሬጅስተር ራሱ ይጽፈዋል፣ ነገር ግን ሰርቨሩ በሬጅስተር ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለው ካላስታወቀ ሊጽፈው አይችልም።

ትሬድ ሲወለድ ከርነሉ እንዲነግረን ቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ አዲሱ ተይዞ ይወለዳል፣ ወላጁም ቆሞ የልጁን መለያ ይሰጠናል። ሁለቱ ወሬዎች ግን ተራ አይጠብቁም። የልጁ መቆም ከወላጁ ወሬ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ መዝገብ ውስጥ የሌለ መለያ ሲመጣ ከመጣል ይልቅ ለብቻው አስቀምጦ ወላጁን መጠበቅ ነው። በሞት በኩል ሁለት ያልተለመዱ ነገሮች አሉ። ዋናው ትሬድ ቀድሞ ከወጣ ሌሎቹ እስኪያልቁ ድረስ ዌይትፒአይዲ ስለሱ ዝም ይላል፤ መውጣቱን ከሱ የሚጠብቅ ሰርቨር እዚያው ይቀራል። አንድ ተራ ትሬድ ኤግዜክ ሲያደርግ፣ ማለትም ፕሮሰሱን በሌላ ፕሮግራም ሲተካ፣ ደግሞ የቀሩት ሁሉ ይጠፋሉ፣ እሱም የዋናውን ትሬድ መለያ ቁጥር ይወስዳል። ከሊኑክስ 3.0 ጀምሮ የቀድሞ ቁጥሩን መጠየቅ ይቻላል፣ መዝገቡም የሚጸዳው በዚያ ነው።

መልቀቅ ቀላል ይመስላል። ዲበገሩ ቢሞት ከርነሉ ትሬዶቹን ራሱ ይለቃቸዋል፣ 204ቶቹን ግን አይነቅልም፤ ፕሮግራሙ በኋላ አንዱን ሲረግጥ በሲግትራፕ ይሞታል። በወጉ ስንለቅም ቅደም ተከተሉ ሁሉንም ማስቆም፣ ባይቶቹን መመለስ፣ በር ላይ የቀሩትን ሲግስቶፖች ተቀብሎ መጨረስ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ፕሮሰስ ራሱን በሚያባዛበት በፎርክ የተወለደ ልጅ ፕሮሰስም የሜሞሪውን ቅጂ ከነብሬክፖይንቱ ይወርሳል፤ ልጁን አንከታተለውም ብንል እንኳ መጀመሪያ ይዘን ባይቶቹን ማጽዳት አለብን። የፎርክ ዘመድ በሆነው በቪፎርክ ሜሞሪው የጋራ ስለሆነ ከልጁ ማጽዳት ከወላጁም ማንሳት ይሆናል፤ ልጁ ኤግዜክ እስኪያደርግ ወይም እስኪወጣ ወላጁ ስለማይሮጥ፣ ያን ጊዜ ባይቶቹን መልሶ መትከል ነው።

ሰርቨሩን የፈተንኩት ትሬዶቹ እየተወለዱ ወዲያው በሚሞቱበት፣ በየመሐሉም ሲግናል በሚረጭ አጭር ፕሮግራም ነው። ከዌይትፒአይዲ የሚመጣው እያንዳንዱ መልስ፣ የምንሰጠው እያንዳንዱ የፒትሬስ ትእዛዝ ከነትሬዱ መለያ በአንድ መስመር ይጻፋል። ዲበገርን በዲበገር መፈተሽ ብዙም አያራምድም፤ አንድ ትሬድ በሁለት ተቆጣጣሪ አይያዝምና፣ ሰርቨሩን ራሱን ማስቆምም የምንፈልገውን የጊዜ ግጥጥሞሽ ያጠፋዋል። የተጻፉት መስመሮች ግን «ይህ ሲግስቶፕ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ ነበራቸው።

አንድ ነገር ለተጠቃሚዎቻችን መንገር ነበረብኝ። ሰርቨሩ ትክክል ቢሆንም መያዙ ብቻውን ፕሮግራሙን ይነካዋል፤ ክስተት በሚያስጠብቀው ኢፖል-ዌይት የተባለ የሲስተም ጥሪ ላይ የተኛ ትሬድ ቆሞ ሲለቀቅ «ተቋርጧል» የሚል ስህተት ተቀብሎ ሊነቃ ይችላል፣ ያንን የማያስተናግድ ኮድም ይወድቃል። ውድቀቱ የዲበገሩ ተደርጎ ይወራል፤ ያው ኮድ በሌላ ቀን ተርሚናል ላይ ቆሞ ቢቀጥልም ይወድቅ ነበር።

አንዱ ትሬድ ሲመረመር ሌሎቹ የሚሮጡበትን፣ ጂዲቢ በ2009 በወጣው 7.0 ላይ ያመጣውን ነን-ስቶፕ አሠራር ገና አልጨመርኩም። መዝገቡ ይችለዋል፣ እያንዳንዱ ትሬድ ለብቻው ስለሚመዘገብ። የሚጎድለው መመሪያን በሌላ ቦታ የማስፈጸሙ ሥራ ለሁሉም መመሪያ መስፋቱ ነው፣ ሌሎቹ እየሮጡ ሳለ ባይት ማንሳት አይቻልምና።