«ግን» የምትባል ቃል

ያን ሰሞን የማታ ሺፍት ተመድቤ ነበር። ሥራዬ ሰዎች ሪፖርት ያደረጉትን ኮመንት እያነበብኩ «ይቆይ» ወይም «ይውረድ» ማለት ነው። የወረቀት ስሙ የይዘት ተቆጣጣሪ ይባላል፤ እኛ እርስ በርሳችን «ጠራጊ» ነው የምንባባለው። በአንድ ሺፍት ብዙ መቶ ኮመንት በእጄ ያልፋል፤ ለአንዱ የሚሰጠኝ ጊዜ የጫማ ክር ለማሰር እንኳ አይበቃም። የምሠራው በእንግሊዝኛና በአማርኛ ነው። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ያፈርኩት በዚሁ ስለሆነ ነው።

የዚያን ምሽት የደረሰኝ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች የሚከራከሩበት ውይይት ነበር። አንዱ «ከየትኛው ዘር ሰው ጋር ፍቅር መጀመር አትፈልጉም? ለምን?» ብሎ ጠይቋል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ፈልጎ አይመስለኝም፤ ጠብ አምሮት ነው። እኔ ጋ እስኪደርስ ከ600 በላይ መልስ ተከማችቶበታል።

ሪፖርት የተደረጉት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የአንድ ሰውዬ ነው፦ «ለሁሉም ሰው ክብር አለኝ። ጥቁር ጓደኞችም አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ጥቁር ሴት ቆንጆ ሆና ታይታኝ አታውቅም። ይህ የግል ምርጫ እንጂ ዘረኝነት አይደለም። እባካችሁ በጨዋነት እንወያይ።» መጨረሻው ላይ ፈገግ ያለች ቢጫ ፊት አለች። ሁለተኛው ከሥሩ የመለሰችለት ሴት ጽሑፍ ነው። ቃል በቃል አልደግመውም፤ ሰውዬውን ብቻ ሳይሆን የወለዱትንም አልማረችም።

ደንቡን አየሁ። ሰውዬው ተሳድቧል? አልተሳደበም። ዝቷል? አልዛተም። የተከለከለ ቃል ተጠቅሟል? አንድም። ይቆይ። ሴትዮዋ በግልጽ ተሳድባለች። ይውረድ፣ የ7 ቀን እገዳ። ሁለቱም አንድ ደቂቃ አልፈጁብኝም። እንዲያውም ቅር ያለኝ ነገር አልነበረም፤ ቀለም ሳላይ የፈረድኩ መስሎኝ ሻይ ልጠጣ ተነሣሁ።

ሥራ ስንጀምር በወሰድነው ሥልጠና፣ ጆን ሱለር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በፈረንጆቹ 2004 የጻፈውን ተምረን ነበር፦ ሰው ማንነቱ ሳይታወቅ፣ የሚያናግረውን ሰው ዓይን ሳያይ፣ መልሱም ወዲያው ሳይደርሰው ሲቀር ፊት ለፊት የማይደፍረውን ይናገራል። እውነት ነው፤ በየሌሊቱ የማየው ይህንኑ ነው። ችግሩ ከሥልጠናው ይዘነው የወጣነው ነገር ነበር። አስቸጋሪ ሰው ማለት ልጓሙን የበጠሰ ሰው ነው ብለን አመንን። ይኸኛው ሰውዬ ምንም የበጠሰው ነገር የለም። ነጠላ ሰረዙን እንኳ ቦታው ላይ ነው ያስቀመጠው።

በማግስቱ ከሴትዮዋ ይግባኝ መጣ። አጭር ነው፦ «አራተኛውን አንብባችኋል። ከሱ በፊት የነበሩትን ሦስቱንስ?»

አላነበብኩም። ሲስተማችን የሚያሳየን ሪፖርት የተደረገውንና መልስ የተሰጠበትን ዋና ኮመንት ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማየት አንዴ መጫን ይበቃል። ያን አንዴ አልተጫንኩም ነበር። አሁን ተጫንኩት።

በመጀመሪያው መልሷ «ስንት ጥቁር ሴት አይተህ ነው?» ብላ ቀልድ ቢጤ ጣል አድርጋለች። እሱም አመስግኖ ያንኑ ደገመ። በሁለተኛው፣ ይህን የሚያነቡ ልጃገረዶች እንዳሉ አስታወሰችው። «ስሜትሽን አከብራለሁ» ብሎ አሁንም ደገመ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፦ «ማንን እንደምትወድ አልጠየቅኩህም። እኔን አስቀያሚ ሳትል የምትወዳትን መውደድ አትችልም ወይ?» መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አየሽ፣ እንዲህ ስሜታዊ መሆንሽ ነው ችግሩ።» ያቺ ቢጫ ፊትም አልቀረች። አራተኛው የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ጉዳዩን ለአለቃችን ይዤ ሄድኩ። በዕድሜ የሚበልጡን፣ ቁጣ የማያበዙ ሰው ናቸው። አነበቡና «እስቲ የሰውዬውን ጽሑፍ ላይ "ጥቁር ሴት" የሚለውን አውጣና "አንቺ" አስገባበት» አሉኝ።

«"አንቺ ቆንጆ ሆነሽ ታይተሽኝ አታውቂም።"»

«ሪፖርት ቢደረግ ምን ትወስናለህ?»

«አወርደዋለሁ። ግለሰብን መዝለፍ ነው።»

«ታዲያ አንዷን ሲሰድብ ይወርዳል፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሲሰድብ ይቆያል?»

ተከራከርኳቸው። «እርስዎም ቢሆኑ፣» አልኩ፣ «ማንን መውደድ እንዳለብዎ የሚያዝዎ ሰው ቢመጣ አይወዱም። የልብ ነገር ደንብ አይገዛውም።» በዚህ አልተቃወሙኝም፤ እኔም ዛሬ ድረስ አምንበታለሁ። ማንም ማንንም እንዲያፈቅር አይገደድም። ያሳዩኝ ሌላ ነገር ነው። ኦኬኪዩፒድ የተባለው የፍቅር አጋር መፈለጊያ ድረ ገጽ መሥራቾች አንዱ የሆነው ክርስቲያን ረደር በ2014 ያወጣውን አሃዝ ከፈቱልኝ። የነጭ፣ የእስያና የላቲኖ ወንዶች ለጥቁር ሴቶች ከአማካይ በታች ነጥብ ይሰጣሉ። ይበልጥ የገረመኝ፣ ከ2009 እስከ 2014 ባለው ጊዜ «የራሴን ዘር አጥብቄ እመርጣለሁ» ብለው ለጥያቄ የሚመልሱት ሰዎች እየቀነሱ ሲሄዱ የሚሰጡት ነጥብ አለመለወጡ ነው። አፍ ተሻሻለ፣ ጣት ባለበት ቀረ።

የአንድ ሰው ምርጫ የራሱ ነው። የሚሊዮን ሰው ምርጫ እንደ ጎርፍ ውኃ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ግን መሬቱን ማን እንዳጋደለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ያጋደለው ደግሞ ስውር አይደለም፤ በሕግ መጽሐፍ የተጻፈ ነው። ደቡብ አፍሪካ በነጭና በሌላው መካከል ጋብቻን በ1949 ከልክላ እስከ 1985 ድረስ አልሻረችውም። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 እስኪያስቀረው ድረስ 16 ግዛቶች እንዲህ ያለ ክልከላ ነበራቸው። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ባልና ሚስት፣ በ1940ዎቹ ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርበው ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ ልጆች ነጩን መርጠው ነበር። እነዚያን ልጆች «የግል ምርጫችሁ ነው» ብሎ መሸኘት ይቻላል? እኔ አልችልም። (በ2020 የፍቅር አጋር መፈለጊያው ግራይንደር የዘር ማጣሪያውን፣ የሕንዱ የትዳር አጋር መፈለጊያ ሻዲ ደግሞ የቆዳ ቀለም ማጣሪያውን ከየመተግበሪያቸው አንሥተዋል። መልካም ነው። ዓይን ግን የራሱ ማጣሪያ አለው።)

አለቃችን አንድ ሌላ ነገርም ጨመሩ። ሪፖርቶች ወደ እኛ ከመድረሳቸው በፊት ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የጎጂነት ነጥብ ይሰጠዋል። የሴትዮዋ ከላይ ተቀምጣለች፤ የሰውዬው ከታች። ጽሑፏ ጥቁር አሜሪካውያን በሚናገሩበት እንግሊዝኛ ነበር። በ2019 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ባለው አነጋገር የተጻፉ የትዊተር መልእክቶች በመሰል ሶፍትዌሮች «አስነዋሪ» ተብለው የመፈረጅ ዕድላቸው እስከ ሁለት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይተው ነበር። በአጭሩ ማሽኑ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ ነው ያቀበለኝ፤ እኔም ጣቱን ተከትዬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቤት ሥራ ነው ያሳፈረኝ። ያለፉትን ሦስት ወራት ውሳኔዎቼን፣ መልክና ዘርን የሚመለከቱትን ብቻ፣ በሁለቱም ቋንቋ ለይቼ እንድከልስ ታዘዝኩ። ብቻዬን እንዳልሆን ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ተመደበችልኝ። እሷም እንደኔ አማርኛ ታያለች።

እንግሊዝኛውን በኩራት ከፈትኩላት። «ለጥቁር ሴት ቆንጆ ነሽ» የሚል መልእክት ያለባቸው 14 ኮመንቶች ነበሩ፤ 14ቱንም አውርጃለሁ። «ጎበዝ» አለችኝ። ጥቁር ሴቶችን እንደ ብርቅዬ እንስሳ የሚያደንቁ፣ «እናንተ እኮ እሳት ናችሁ» ዓይነት ሙገሳዎችንም እንዳሳለፍኩ አየች፤ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ጻፈቻቸውና አለፍን።

አማርኛው ተከፈተ። በነገራችን ላይ እዚህ ቋንቋ ውስጥ መጥረግ የራሱ ጣጣ አለው። «ዘር» የምትለዋን ቃል ብቻ ውሰዱ፦ የሚዘራውም ዘር ነው፣ የትውልድ ሐረግም ዘር ነው፣ ብሔርም ዘር ነው፣ ጥቁርና ነጭም ዘር ነው። ስለዚህ አንዱን ስለ ቆዳ ቀለም በተናገረው «ዘረኛ» ብትሉት፣ «እኔ የማንንም ብሔር አልጠራሁም!» ብሎ ይገነፍላል፤ በራሱ አማርኛ ልክ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሌላ ቡድን የመጣ የውጭ አገር ሰው በማሽን ትርጉም እያነበበ «ይህቺን ልጅ ለምንድነው ቀይ እያሉ የሚሰድቧት?» ብሎ ጠይቆኛል። ቀይ ማለት ፈካ ያለች ማለት እንደሆነ፣ ስድብ ሳይሆን ሙገሳ እንደሆነ አስረዳሁት። «ታዲያ ጥቁርስ?» አለኝ። የመለስኩለትን አላስታውስም። ሥራ በዝቶብኝ ይሆናል።

ባልደረባዬ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረች። «ጠቆር ትላለች ግን ታምራለች።» ይቆይ። «ጥቁር ብትሆንም መልኳ ደስ ይላል።» ይቆይ። «ከጥቁርም እንዲህ ያለ ይወጣል ለካ።» ይቆይ። 23 ናቸው፤ 23ቱም ይቆዩ ተብለዋል። አንደኛው ላይ ማስታወሻ ተጽፏል፦ «ሙገሳ ነው።»

«ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ዝም አለች። ጥቁር ናት፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም ማለት አልችልም፤ ከሥራው ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። ወንበሯን ወደ ስክሪኔ ሳብ አደረገችና ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

«እስቲ "ግን"ን አውጣትና አንብበው።»

«ጠቆር ትላለች፣ ታምራለች።»

«ጎደለው?»

«አልጎደለውም።»

«ታዲያ እሷ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው መስመር ላይ ሄደች፤ እዚያ «ግን» የለችም። «ብትሆንም» የምትለው ቃል ላይ ቆመችና የመጨረሻዋን ፊደል በጥፍሯ መታ መታ አደረገቻት። «ይቺን "ም" አውቃታለሁ፤» አለች። «እቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ትመጣ ነበር። "ብትጠቁርም ዓይኗ ያምራል፣ ብትጠቁርም ፀጉሯ ደህና ነው።" ሁሉም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። አንድም ቀን የሰደበኝ ሰው የለም።»

የፈለግሁት ይቅርታ ማለት ነበር፤ ከአፌ የወጣው «እንግሊዝኛው ላይ ወዲያው ነው የሚታወቀኝ እኮ» የሚል ሆነ።

«እንግሊዝኛው የሌላ ሰው ስለሆነ ነዋ፤» አለችኝ። ዝርዝሩን ወደ ታች ጎተተችና ሥራችንን ቀጠልን። ያን ቀን 19ኙን አወረድን። በአራቱ አልተስማማንም፤ አንዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀናል፤ የጻፈችው ጥቁር ሴት ነበረች፣ ስለ ራሷ። እኔ ይውረድ አልኩ፤ ባልደረባዬ ግን ጸሐፊዋ በራሷ ላይ የማዘዝ መብት አላት ብላ ይቆይ አለች። ቆየ።

የሴትዮዋን እገዳ አነሣሁ። አራተኛው መልሷ እንደወረደ ቀርቷል፤ በዚያ አሁንም አልጸጸትም፣ የሰው እናት መስደብ ያው መስደብ ነው። እንዳጠፋሁ ጻፍኩላት፤ የሚፈቀድልኝ 200 ፊደል ስለሆነ ሦስት ጊዜ ቆርጬ ነው የበቃኝ። መልእክቱ እስካሁን አልተከፈተም። አካውንቷ መጨረሻ የታየው ይግባኙን የላከች ቀን ነው።

የሰውዬው ጽሑፍ ደንብ አውጪዎቹ ዘንድ ሦስት ሳምንት ቆይቶ «ይውረድ» ተብሎ ተመለሰ። ማሳወቂያው በደረሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልሶልናል፦ «ባልስማማም ውሳኔያችሁን አከብራለሁ። ውይይቱ በጨዋነት ስለተካሄደ አመሰግናለሁ።» ቢጫዋ ፊትም አብራ ነበረች።