ከንባብ ወደ ውይይት፦ በደሴ በአንድ የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍል የተሞከሩ ተግባራት

በክልላችን ተማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአማርኛ ሲከታተሉ ቆይተው 9ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የተማሩት ቢሆንም፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ መረዳትና በተረዱት ላይ ሐሳብ መለዋወጥ የሚጠየቁት በአንድ ክረምት ልዩነት ነው። በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ የንባብና የውይይት ክፍለ ጊዜዎችን ከተለመደው በተለየ አደረጃጀት እየመራሁ ማስታወሻ ስይዝ ቆይቻለሁ፤ ለሌሎች የቋንቋ መምህራን ይጠቅማል ብዬ ያመንኩበትን ከዚያ ማስታወሻ መርጬ እዚህ አቀርባለሁ።

የተለመደው አካሄድ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ምንባቡ ጮክ ተብሎ በተራ ይነበባል፣ አዳዲስ ቃላት በሰሌዳ ላይ ይፈታሉ፣ የመረዳት ጥያቄዎች ይመለሳሉ፣ በመጨረሻም ተማሪዎች «ተወያዩ» ይባላሉ። ውይይቱ ግን አይነሣም፤ የሚናገሩት ሁልጊዜ የፊት ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ጥቂት ልጆች ይሆናሉ። ይህን ዝምታ በቋንቋ ችሎታ ማነስ ብቻ ማሳበብ ተገቢ አይመስለኝም። አንድ ተማሪ አጠገቡ ያለው ጓደኛው አሁን ያነበበውን ያንኑ ጽሑፍ ለዚያው ጓደኛው መልሶ የሚነግርበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ የዘንድሮው ሥራዬ መነሻ ውይይት የሚወሰነው ከንባቡ በኋላ በሚቀርበው ጥያቄ ሳይሆን፣ ከንባቡ በፊት ጽሑፉ ለማን እንዴት እንደታደለ ነው የሚል ነበር።

ለዚህ የተጠቀምኩበት ዋና ስልት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ የጀመረውና በእንግሊዝኛ «ጂግሶ» በመባል የሚታወቀው ነው። አሮንሰን ስልቱን የቀየሰው ቋንቋ ለማስተማር አልነበረም፤ የጥቁሮችና የነጮች ልጆች በአንድ ክፍል መማር በጀመሩበት ወቅት የተፈጠረውን መጠላላት ለማርገብ፣ እያንዳንዱ ልጅ ሌሎቹ የሌላቸውን የትምህርት ክፍል ይዞ እንዲገኝና አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን መጨረስ እንዳይችል አደረገ። ለቋንቋ መምህር የሚጠቅመውም ይኸው ባሕርይው ነው፤ የሚናገረው ሰው አስፈላጊ ይሆናል፣ የሚያዳምጠውም የሚያዳምጥበት ምክንያት ያገኛል።

ስልቱ በመጻሕፍት እንደሚገለጸው ከሆነ ተማሪዎች ከአንድ ቡድን ወደ ሌላ እየተዘዋወሩ ሁለት ጊዜ ቦታ ይለውጣሉ። ባለ ሦስት መቀመጫ ዴስኮች በተጨናነቁበት ክፍልና 40 ደቂቃ ገደማ በሆነ ክፍለ ጊዜ ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚበላ፣ አደረጃጀቱን ለዴስኮቻችን እንዲስማማ አድርጌ ቀየርኩት። ምንባቡን በሦስት እከፍልና ከፊትና ከኋላ የተደረደሩ ሦስት ዴስኮችን አንድ ምድብ አደርጋለሁ። በአንድ ዴስክ ላይ ያሉት ሦስቱም ተማሪዎች አንድ ዓይነት ክፍል ያነብባሉ፤ እየተረዳዱም ያጠኑታል። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስቤ፣ በግድግዳው በኩል የተቀመጠው ተማሪ ባለበት እንዲቆይ፣ መካከለኛው አንድ ዴስክ፣ በመተላለፊያው በኩል ያለው ደግሞ ሁለት ዴስክ ወደ ኋላ እንዲሄድ አደርጋለሁ፤ የኋላ ዴስክ ላይ የነበሩት ዞረው ወደ ፊት ይመጣሉ። በዚህ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ በእያንዳንዱ ዴስክ ላይ ሦስት የተለያዩ ክፍሎችን ያነበቡ ልጆች ይገናኛሉ። 63 ተማሪዎች ላሉበት ክፍል 21 ዴስክ፣ ማለትም 7 ምድብ ይሆናል። ሦስቱን የምንባብ ክፍሎች በአንድ ገጽ ላይ ጽፌ ስለምቆርጣቸው የሚያስፈልገኝ ፎቶ ኮፒ 21 ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ተማሪዎች በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በደብተራቸው ስለሚጽፉ ያው ወረቀት ለሌሎቹ ክፍሎችም ያገለግላል። ወረቀቱን ከእጃቸው መሰብሰቡ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም፤ ወረቀቱ በእጃቸው ከቀረ ቀና ብለው ከመናገር ይልቅ አጎንብሰው ያነብቡለታል።

ከሁሉ የበለጠ ውይይት ያስነሣው በኅዳር ወር ስለ ሐይቅ ያዘጋጀሁት ምንባብ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ ውኃውን የሚያወጣ ወንዝ እንደሌለው፣ ስለዚህም መጠኑ የሚወሰነው በሚገባውና በሚተነው ውኃ መሆኑን ይገልጻል። ሁለተኛው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሆን፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ደቀ መዛሙርት ማስተማራቸውንና ገዳሙ በቀድሞ ዘመን በደሴት ላይ የነበረ መሆኑን ያነሣል። ሦስተኛው በሐይቁ ዙሪያ ስላለው እርሻ፣ ስለ ዓሣ ማስገሩና ከዳገቱ እየታጠበ ስለሚወርደው አፈር ያወሳል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ በአንድ ወቅት በውኃ ተከብቦ ወደነበረው ገዳም ዛሬ በእግር የሚደረሰው ለምንድን ነው? መልሱ በሦስቱም ክፍሎች ውስጥ በቀጥታ አልተጻፈም። ሦስቱን ያገናኘ ቡድን ብቻ ነው ወደ መልሱ ሊቀርብ የሚችለው። ብዙዎቹ ቦታውን በዓይናቸው ያዩት ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ሲያዳግታቸው ስለ ነገሩ ያላቸው ዕውቀት ይደግፋቸው ነበር። ስለ ሩቅ አገር የሚያወሩ ምንባቦችም ተገቢ ቦታ አላቸው፤ ነገር ግን ጀማሪ ተወያይን ባልለመደው ቋንቋ ስለማያውቀው ነገር እንዲከራከር መጠየቅ ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ መጫን ነው።

የምንባቡን መስመሮች በሙሉ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። በአጥኚው ዴስክ ላይ ሳሉ፣ ማለትም ቦታ ከመለወጣቸው በፊት አንድ ዓይነት ክፍል በጋራ ሲያጠኑ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠቅሰው ሐሳብ የተገኘበትን የመስመር ቁጥር በደብተሩ ይይዛል፤ ክርክር ሲነሣ ከግምት ይልቅ ወደ ጽሑፉ ይመለሳሉ።

ስለ አማርኛ አጠቃቀም መምህራን እርስ በርስ የማንስማማበት ጉዳይ መኖሩን አውቃለሁ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በአጥኚው ዴስክ ላይ፣ የሐሳቡን ምንነት ለመጨበጥ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች በአማርኛ እንዲነጋገሩ እፈቅዳለሁ፤ ቦታ ከለወጡ በኋላ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ይነጋገራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በአካል መንቀሳቀሱ ስለሆነ ደጋግሞ መቆጣጠር አያስፈልግም። በሰሌዳው ዳር መስማማትን፣ በከፊል መስማማትን፣ ማብራሪያ መጠየቅንና «ይህ በስንተኛው መስመር ላይ ነው?» ማለትን የሚያስችሉ የእንግሊዝኛ መነሻ ሐረጎች ዘወትር ተጽፈው ይቆያሉ። ከጥር ወር ወዲህ ሐረጎቹን ሳያዩ የሚጠቀሙ ተማሪዎች በየዴስኩ ይሰማሉ።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በወሎ የምናስተምር መምህራን ልብ ልንለው ይገባል የምለው ነገር አለ። ከተማሪዎቼ መካከል በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገሙ፣ በመድረሳም ቁርአን ያኸተሙ ልጆች አሉ። በሁለቱም ሥርዓት ልጁ በመጀመሪያ ድምፁን፣ ዜማውንና አጣጣሉን አሳምሮ ይይዛል፤ ትርጓሜው ወይም ተፍሲሩ ከዚያ በኋላ በመምህሩ አንደበት ይመጣል። እነዚህ ልጆች ብርቱ የማስታወስ ኃይልና የማይሸማቀቅ ድምፅ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛውንም ገጽ በጥሩ ድምፅ ከተወጡት በኋላ ሥራቸው ያበቃ ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ ጮክ ብሎ ማንበብን አልተውኩትም፤ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው አዛወርኩት። መጀመሪያ በለሆሳስ ይነበባል፣ ይወያዩበታል፣ ሐሳቡ ከገባቸው በኋላ ደግሞ በድምፅ ያነብቡታል፤ ያን ጊዜ የሚያነብበው ልጅ የት ላይ ትንፋሽ መውሰድ እንዳለበት ያውቃል። በመጋቢት የበልግ ዝናብ የቆርቆሮ ጣራውን ሲመታ ምንም ነገር በማይሰማባቸው ቀናትም በለሆሳስ የማንበብ ልማዳቸው ትምህርቱ እንዳይቋረጥ አድርጓል።

ስለ ምንባብ አመራረጥም ጥቂት ልበል። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አንድ አንባቢ ልብ ወለድ ጽሑፍን ያለ እርዳታ በበቂ ሁኔታ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል፤ ይህም ማለት ከ50 ቃላት አንድ ብቻ እንግዳ ቢሆን ነው። ከአምስት ቃላት አንዱ እንግዳ በሆነበት ጽሑፍ ግን ከጥናቱ ተሳታፊዎች በበቂ ሁኔታ የተረዳ አልተገኘም። ይህን መሠረት በማድረግ ማንኛውንም ምንባብ ከማደሌ በፊት ደረጃቸው የተለያየ ጥቂት ተማሪዎች ከ100 ቃላት ውስጥ የማያውቋቸውን በእርሳስ እንዲያሰምሩባቸው አደርጋለሁ። ምልክቱ ከሁለትና ከሦስት እጅግ ከበለጠ ምንባቡን ወይ አቀልለዋለሁ፣ ወይም ከእኔ ጋር በጋራ ለሚነበብበት ቀን አቆየዋለሁ። የመማሪያ መጽሐፉን ምንባቦች በዚህ መንገድ ማቅለል ከፍተኛ ጊዜ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ለውይይት ክፍለ ጊዜ ከማደርገው ዝግጅት ሁሉ ይህን ያህል የሚክስ አላገኘሁም።

ጠይቆ መታገስንም በጥንቃቄ እየተለማመድኩት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን፣ ቆይታው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን መልሶቹም እንደሚረዝሙና ዝም የሚሉ ተማሪዎችም እንደሚሳተፉ አሳይተዋል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያስብ ልጅ ሦስት ሰከንድም ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

የለመድነው አንድ ለአምስት አደረጃጀት ለጥናት ቢጠቅምም ለዚህ ተግባር አልተጠቀምኩበትም፤ ጎበዙ ተማሪ በቡድን መሪነት ሲሰየም ሌሎቹ ንግግሩን ለእርሱ ይተዉለታል። በሦስት ሰው ዴስክ ላይ ግን የሚደበቁበት ቦታ የለም። በተለይ በሙሉ ክፍል ፊት ድምፃቸው የማይሰማ ልጃገረዶች ለሁለት ሰው ብቻ ሲናገሩ ፈጽሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ከየካቲት ወዲህ ከመካከላቸው የቡድናቸውን መልስ ቆመው ለክፍሉ የሚያቀርቡ መኖራቸው ከዘንድሮው ሥራ ሁሉ እጅግ ያስደሰተኝ ነው።

ሰፊው ልዩነት አሁንም በጽሑፍ ላይ ነው። በቃል ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር አያይዞ ያስረዳ ልጅ፣ ያንኑ በአንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ወደ ተነጣጠሉ ዓረፍተ ነገሮች ይመለሳል። ለዚህም ኮምቦልቻ ከምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ ጋር ተማሪዎቻችን ራሳቸው የጻፏቸውን ምንባቦች መለዋወጥ ጀምረናል። የእርሷ ተማሪዎች በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ስለተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ስለ ቦርከና ወንዝ ጻፉ፤ የእኔዎቹ ንጉሥ ሚካኤል ስላሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽና ስለ ጦሳ ተራራ ጻፉ። የደሴዎቹ የኮምቦልቻን ጽሑፍ አንብበው በጠየቁት ጥያቄ ውስጥ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የላቀ እንግሊዝኛ አግኝቻለሁ፤ መልሱን እኔም የማላውቅ መሆኔን ያውቃሉና። ለሚቀጥለው ልውውጥ የጽሑፎቹን ርዝመት ከ120 ቃላት እንዳይበልጥ ወስነናል፤ ጸሐፊዎቹ የተቀባዮቹን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሰው ያንኑ አንቀጽ እንደገና እንዲያዘጋጁም ተስማምተናል። ሁለቱን ረቂቆች ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ምን ያህል እንደተያያዙ የምንመዝንበትን መስፈርት በዚህ ሳምንት እያዘጋጀን ነው።